«ተቃውሞ ያለው?» ሲባል፦ በእድርና በመሥሪያ ቤት ስብሰባ የራስን ሀሳብ ይዞ የመግባትና ይዞ የመውጣት ዘዴ

ሰብሳቢው «ተቃውሞ ያለው?» ብሎ ሲጠይቅ እጅ አለመነሳቱ ሁሉም ተስማምቷል ማለት አይደለም። አንዱ ጉዳዩ አልገባውም። ሌላው ገብቶታል፣ ግን ጋሼ እገሌ ከተናገሩ በኋላ አፉን መክፈት ይከብደዋል። ሌላዋ ልጆቿን ቤት ትታ ስለመጣች ስብሰባው ቶሎ እንዲያልቅላት ብቻ ትፈልጋለች። ቃለ ጉባኤው ግን ለሁሉም «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብሎ ይጽፍላቸዋል። ከወራት በኋላ ገንዘቡ ሲባክን «እኔ እኮ ያኔም አላመንኩበትም» የሚል ሰው በየቡናው አይጠፋም።

ይህ መመሪያ በሐዋሳ ለእድር፣ ለዕቁብ፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበርና ለመሥሪያ ቤት ስብሰባ ታዳሚዎችና ሰብሳቢዎች የተዘጋጀ ነው። መነሻ ሀሳቡ አንድ ነው፦ በብዙኃኑ ፊት የራስን ሀሳብ ማዳን ከድፍረት ይልቅ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ሌሎችን ከመስማት በፊት የተጻፈ ሀሳብ ይተርፋል። ሌሎችን ከሰሙ በኋላ የሚፈለግ የራስ ሀሳብ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ግፊቱ ምን ያህል ነው?

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሰሎሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አሜሪካ ውስጥ በጣም ቀላል ፈተና አዘጋጀ። አንድ መስመር ያሳያል፤ ከጎኑ ካሉት ሦስት መስመሮች የትኛው እኩል እንደሆነ ጮክ ብሎ መናገር ነው። ልዩነቱ በዓይን ፍንትው ብሎ ስለሚታይ ብቻቸውን የተጠየቁ ሰዎች ከ100 አንድ ጊዜ እንኳን በቅጡ አይሳሳቱም ነበር። ነገር ግን በክፍሉ ከአንዱ ተፈታኝ በቀር ሌሎቹ በሙሉ አስቀድመው ከአሽ ጋር የተነጋገሩ ናቸው። ከ18ቱ ዙር በ12ቱ ሁሉም አንድ ላይ የተሳሳተውን መስመር ይጠራሉ። የእውነተኛው ተፈታኝ ተራ የሚደርሰው ወደ መጨረሻ ላይ ነው። በእነዚህ ዙሮች ከተሰጡት መልሶች አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ቡድኑን ተከትለው የተሳሳቱ ነበሩ። ከአራት ተፈታኞች ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተከትለዋል፤ አራተኛው አንድም ጊዜ አልተከተለም።

ለእኛ ሥራ ይበልጥ የሚጠቅመው አሽ ፈተናውን እየቀያየረ ያየው ነው። የሚሳሳተው ሌላ ሰው አንድ ብቻ ሲሆን ተጽዕኖው እዚህ ግባ አይባልም። ሦስት ሲሆኑ ግን ጫናው ይሞላል፤ ከዚያ በላይ ሰው ቢጨመር የሚያክለው ጥቂት ነው። እውነቱን የሚናገር አንድ ሰው ከጎኑ ሲቀመጥለት ተፈታኙ ቡድኑን የሚከተልበት መጠን ወደ ቀድሞው ሩብ ገደማ ወረደ። መልሱን ጮክ ብሎ ከመናገር ይልቅ በወረቀት እንዲጽፍ ሲፈቀድለትም መከተሉ በእጅጉ ቀነሰ። ሦስት ሰው፣ አንድ አጋር፣ ወረቀት፦ ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ በእነዚህ ላይ የቆመ ነው።

ሞርተን ዶይችና ሃሮልድ ጄራርድ በ1955 እንዳሳዩት ደግሞ ሰው ቡድን የሚከተለው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ይሉኝታ ነው፦ ትክክሉን ያውቃል፣ ግን ከሰው ላለመለየት አብሮ ይሄዳል። ሌላው «ይህን ያህል ሰው አይሳሳትም፣ እነሱ አንድ የሚያውቁት ነገር ይኖራል» ማለት ነው። መድኃኒታቸው የተለያየ ስለሆነ የያዘዎት የትኛው እንደሆነ ይለዩ። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ድምፁ በምስጢር ቢሰጥ እንዲሁ እመርጣለሁ?» መልሱ «አይ» ከሆነ የያዘዎት ይሉኝታ ነው፤ የሚያስፈልግዎት አጋርና ጥሩ አነጋገር ነው። መልሱ «አዎ» ከሆነ በእርግጥ አምነዋል፤ እንግዲያው እምነትዎ ከየት እንደመጣ ይፈትሹ።

ከስብሰባው በፊት፦ ግማሽ ገጽ ወረቀት

አጀንዳውን ከሰብሳቢው ወይም ከጸሐፊው ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድመው ይጠይቁ። ከዚያ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ አራት ነገር ይጻፉ፦ ምን እንደሚመርጡ፣ ዋናው ምክንያትዎ (አንድ ብቻ)፣ ከ10 ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆኑ፣ እንዲሁም ምን ቢሰሙ ሀሳብዎን እንደሚቀይሩ። አራተኛውን ሰው ሁሉ ይዘለዋል፤ እውነተኛ ነፃነት ያለው ግን እዚያ ላይ ነው። ሀሳቡን የሚያስቀይረውን ነገር አስቀድሞ የጻፈ ሰው ማስረጃ ሲመጣ በክብር ይቀይራል። ሦስት ሰው ስለተናገረ ብቻ ሊቀይር ሲል ደግሞ ወረቀቱ ያስታውሰዋል።

አንድ ጉዳይ ቀረብ ብለን እንይ። በታቦር ክፍለ ከተማ ያለ ባለ 120 አባላት እድር ካለው ተቀማጭ 450,000 ብር አውጥቶ ሁለት ድንኳንና 300 ወንበር ገዝቶ ሊያከራይ ነው እንበል። ሀሳቡን ያቀረበው ሰው «በዓመት ገንዘቡን ይመልሳል» ይላል። (ዋጋዎቹ ለስሌት ማሳያ ብቻ ናቸው።) አንዱ ኪራይ 5,000 ብር ቢያስገባ፣ ለመኪና፣ ለጫኝና አውራጅ፣ ለአጠባ 1,500 ቢወጣ፣ የሚቀረው 3,500 ነው። 450,000 ለ3,500 ሲካፈል 129 ኪራይ ይሆናል። ዓመት 52 ሳምንት ነው፤ ስለዚህ ሳይቋረጥ በየሳምንቱ ሁለት ተኩል ድግስ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብም ጭምር። ይህን ለመሥራት ሞባይል ላይ ያለው የሒሳብ ማሽንና አምስት ደቂቃ ይበቃል። በስብሰባው መሐል ግን ጭብጨባው ከተጀመረ በኋላ ማንም አይሠራውም።

በዚሁ ጉዳይ ከሒሳቡ የሚብስ ጥያቄ አለ። የእድር ድንኳን ዋና ሥራው ለቅሶ ነው፣ ለቅሶ ደግሞ ቀን ቆርጦ አይመጣም። ሁለቱም ድንኳኖች ቅዳሜ ለሠርግ ተከራይተው ዓርብ ማታ ጡሩምባ ቢነፋስ? የዋስትና ገንዘብ ተቀብለን ከሙሽራው ግቢ ልንነቅል ነው? ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው ልብ ውስጥ ይመጣል፤ «ሟርተኛ» ላለመባል ግን ሳይጠየቅ ይቀራል። በወረቀትዎ ላይ ካለ መጠየቁ ይቀልላል፤ ያኔ ክፉ መመኘት ሳይሆን የተዘጋጀ ሥራ ማቅረብ ይሆናል።

ቀጥሎ ምንጭ ይቁጠሩ። «ሁሉም እያለው ነው» የሚባል ነገር ሲገጥምዎት አምስት ሰው ይምረጡና እያንዳንዱን «አንተ ከማን ሰማኸው?» «አንቺስ?» ብለው ይጠይቁ። አምስቱም ወደ አንድ የቴሌግራም ቻናል ወይም ወደ አንድ ሰው ከመሩዎት ያለዎት ምንጭ አንድ ነው። «ቤንዚን ሊጠፋ ነው» ሲባል የባጃጅ ሰልፍ እንዴት እንደሚረዝም ያስቡ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሾፌሮች ወሬ ሰምተው ይሰለፋሉ። ቀጣዮቹ ወሬውን እንኳን ሳይሰሙ ሰልፉን አይተው ይሰለፋሉ። መቶኛው ሾፌር ፊቱ 99 ማስረጃ ያለ ይመስለዋል፤ ያለው ግን የጥቂት ሰዎች ወሬ ነው። መሬት ሲገዛ፣ «ሰው ካስገባህ ትርፍ ታገኛለህ» የሚሉ ድርጅቶች ሲመጡም ነገሩ ያው ነው። ምንጮቹ በእርግጥ የተለያዩ ከሆኑ ግን ብዙኃኑን ማመን ብልህነት ነው። ፍራንሲስ ጋልተን በ1907 ባሳተመው ጽሑፍ በእንግሊዝ አገር አውደ ርዕይ ላይ የአንድ በሬ ክብደት የገመቱ ሰዎችን 787 ካርዶች መርምሯል። የግምቶቹ መካከለኛ 1,207 ፓውንድ ነበር፤ ትክክለኛው 1,198። እያንዳንዱ ሰው ግምቱን የሌላውን ሳያይ በየራሱ ካርድ ጽፎ ነበር።

አንድ አጋር፣ ከሁለት ያልበለጠ

በዋዜማው ከሚያምኑት አንድ ሰው ጋር ቡና ይጠጡ። ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፦ መጀመሪያ «አንቺ ስለዚህ ድንኳን ነገር ምን ታስቢያለሽ?» ብለው ይጠይቁና ጨርሳ እስክትመልስ ያድምጡ። ወረቀትዎን ቀድመው ካሳዩ የምትነግርዎት የራስዎን ሀሳብ መልሳ ነው፤ አጋር አገኘሁ ብለው የገደል ማሚቶ ይዘው ይገባሉ። ከተስማማችሁ እርስዎ ሲናገሩ ቀጥላ እንድትናገር ብቻ ይጠይቋት። ካልተስማማችሁም ጠቃሚ ነው፤ የክርክርዎን ደካማ ጎን ከስብሰባው በፊት ያውቁታል።

ከሁለት ሰው በላይ አይሂዱ። ሰባት ስምንት ቤት ከዞሩ ነገሩ «ቡድን ፈጠሩ» ይባላል። ያኔ ስብሰባው ስለ ድንኳኑ መሆኑ ይቀርና ስለ እርስዎ ይሆናል።

መቼና እንዴት መናገር

ከሦስተኛው ደጋፊ በፊት ይናገሩ። «ከተናገሩት የተለየ የለኝም» የሚለው ሦስተኛ ሰው ከተቀመጠ በኋላ ያው ሀሳብ እጥፍ ይከብዳል። እጅዎን ቀድመው ያውጡ፤ ሰብሳቢው ካላየዎት ስምዎን በተናጋሪ ዝርዝር እንዲያሲዝ ጸሐፊውን ይጠይቁ።

ትልቅ ሰው ከተናገሩ በኋላ «ጋሼ ተሳስተዋል» ብሎ መጀመር ነገሩን የማዕረግ ጠብ ያደርገዋል። የሚሠሩ አነጋገሮች እነዚህ ናቸው፦ «ጋሼ ባሉት ላይ አንድ ያልገባኝ ስሌት አለ።» «እትዬ እንዳሉት ገቢ ያስፈልገናል፤ ይህኛው ገቢ በሳምንት ስንት ኪራይ ይፈልጋል?» «ከመወሰናችን በፊት አንድ ቁጥር ብቻ እንድናይ ልጠይቅ።» ሦስቱም ሰውየውን ትተው ነገሩን ይይዛሉ፣ ሦስቱም መልስ ይፈልጋሉ። በተቃራኒው ረጅም ምስጋና ደርድሮ «ነገር ግን» ማለት አይሠራም። አድማጩ ከ«ነገር ግን» በፊት ያለውን እንደ ማለዘቢያ ይቆጥረዋል፣ ትዕግሥቱም ያልቃል። «ብዙ ሰው እንደኔ ያስባል» ማለትም አይሠራም፤ «ማን? ስም ጥራ» ይባላሉ።

ሁለት ደቂቃ ይብቃዎት። አንድ ምክንያት ብቻ ያቅርቡ። አምስት ካቀረቡ ተቃዋሚዎ በጣም ደካማውን መርጦ ይመልስና አምስቱም የተመለሱ ይመስላል። ሲመለስብዎት ደግሞ አዲስ ቅሬታ አይፈልጉ፤ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቃና ይድገሙት። ሰርዥ ሞስኮቪቺና ባልደረቦቹ በ1969 ባሳተሙት ጥናት ስድስት ስድስት ሰዎች ሰማያዊ ስላይዶች እያዩ ቀለማቸውን ይናገሩ ነበር። በየቡድኑ ሁለቱ ሆን ብለው «አረንጓዴ» ይላሉ። ሁለቱ ሁልጊዜ «አረንጓዴ» ሲሉ ከሌሎቹ መልሶች 8.4 በመቶው አረንጓዴ ሆነ። አንዴ አረንጓዴ አንዴ ሰማያዊ ሲሉ ግን 1.25 በመቶ ብቻ። ጥቂቶች የሚሰሙት አቋማቸው ሳይዋዥቅ ሲቀር ነው። 8.4 በመቶ ትንሽ ቢመስልም፣ በዓይን ሰማያዊ ሆኖ በሚታይ ነገር ላይ የተገኘ ነው።

ሰብሳቢ ከሆኑ

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ሸክሙን በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ይጥላል። ይህ ደግሞ ፍትሐዊ አይደለም። ሰብሳቢው በአሥራ አምስት ደቂቃ ሥራ ሸክሙን ሊያነሳው ይችላል፤ ስለዚህ አዘጋጆቹ የበለጠ የምናምነው በዚህ ክፍል ነው።

ከመክፈቻው ምርቃት ይጀምራል። «ይህን የድንኳን ሥራ አምላክ ያሳካልን» ተብሎ «አሜን» ከተባለ ውሳኔው አልቋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቃወም ሰው ምርቃቱን እንደተቃወመ ይሰማዋል። የሚመርቁትን አባት ቀድመው ያነጋግሩ፤ ምርቃቱ ለአባላቱ ሰላምና ጤና፣ ለጉባኤው ማስተዋል ይሁን፣ አጀንዳውን አይጥራ።

የራስዎን አስተያየት እስከ መጨረሻው አይንገሩ፤ አጀንዳውን ሲያነቡም ፊትዎና ድምፅዎ እንዳያሳብቅ ይጠንቀቁ። ንግግሩ ከታናሽ ወደ ታላቅ ይሂድ፤ ሽማግሌዎች መጨረሻ ላይ ሲናገሩ የሁሉንም ሰምተው ስለሚሆን ክብራቸው አይነካም። በሲዳማ ሶንጎ (የሽማግሌዎች ሸንጎ) ሁሉንም ሳይሰሙ ብያኔ አለመስጠት ነባር ወግ ስለሆነ ይህ ለሐዋሳ ሰው እንግዳ አይሆንም። ሴቶች ለብቻቸው ከኋላ የሚቀመጡበት ስብሰባ ከሆነ ተራው ከእነሱ ወገን ይጀምር፤ ካልሆነ ሰዓቱ እነሱ ጋ ሳይደርስ ያልቃል።

ከንግግሩ በፊት ግን ወረቀት ይታደል። አንድ ኤ4 ሉክ ለስምንት ቢቆረጥ ለ120 ሰው 15 ሉክ ይበቃል። ጥያቄው «ትስማማላችሁ?» አይሁን፤ ቁጥር የሚጠይቅ ይሁን፦ «ድንኳኑ በወር ስንት ጊዜ ይከራያል? ስም አይጻፍ።» ወረቀቱ ተሰብስቦ ጸሐፊው ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሮ ትንሹን፣ መካከለኛውንና ትልቁን ያንብብ። ትንሹ 1 ትልቁ 14 ከሆነ ጉባኤው አልተስማማም፤ ይህ አሁን ያለማንም ድፍረት ታወቀ። ከዚያ «1 የጻፈው ማነው?» አይበሉ። «1 ለመጻፍ ምን ምክንያት ሊኖር ይችላል?» ብለው ለሁሉም ይጠይቁ፤ ጻፊው እንደ ሌላ ሰው ሆኖ ሊያስረዳ ይችላል።

መጻፍ የማይችሉ አባላት ካሉና ጉዳዩ የ«አዎ» ወይም «አይ» ከሆነ በቆሎና ቡና ይሠራል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የበቆሎ ፍሬና አንድ የቡና ፍሬ ይሰጠዋል፤ በቆሎ «አዎ»፣ ቡና «አይ»። ሁለት የጨርቅ ከረጢቶች ከመጋረጃ ጀርባ ይቀመጣሉ፤ በአንዱ ድምፁን፣ በሌላው የተረፈውን ፍሬ ይጨምራል። የተረፈውን መጣያ ካልተዘጋጀ ፍሬው እጅ ላይ ወይም መሬት ላይ ይቀርና የማን ድምፅ ምን እንደሆነ ይታወቃል። ቆርቆሮ ወይም ባልዲ አይሁን፤ ፍሬዎቹ ሲወድቁ ድምፃቸው ይለያያል። መጨረሻ ላይ የሁለቱ ከረጢት ድምር ከታዳሚው እጥፍ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ካልሆነ ይደገም።

ቀጥሎ ያሉት ሁለት ጥያቄዎች ከማንኛውም «አስተያየት ካለ» ይበልጣሉ። የመጀመሪያው፦ «ስለዚህ ጉዳይ ሌላው ላያውቀው የሚችል ምን ታውቃላችሁ?» ጋሮልድ ስታሰርና ዊልያም ታይተስ በ1985 እንዳሳዩት ቡድን ሲወያይ በአብዛኛው የሚያነሳው ሁሉም አስቀድሞ የሚያውቀውን ነው፤ አንድ ሰው ብቻ የያዘው መረጃ ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ይቀራል። ድግስ የምታበስለው እናት ሠርጎች ወደ አዳራሽ እየሄዱ መሆን አለመሆኑን ታውቃለች። ልብስ ሰፊው ሸራው ስንት ክረምት እንደሚችል ያውቃል። ሁለቱም ካልተጠየቁ አይናገሩም፤ የሚያውቁት ነገር ለሌላው አዲስ መሆኑ ትዝ አይላቸውም።

ሁለተኛው፦ «ዓመት አልፎ ይህ ሥራ ከሽፏል እንበል። ምን ሆኖ ነው የከሸፈው?» ጸጥ ብሎ አምስት ደቂቃ ይጻፋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጋሪ ክላይን በ2007 ባሳተመው ጽሑፍ በሰፊው ያስተዋወቀው ይህ ዘዴ «ሟርት» የሚባለውን ሥራ ያደርገዋል፤ ሁሉም ስለተጠየቀ ማንም ሟርተኛ አይባልም። አንድን ሰው «አንተ ዛሬ ተቃዋሚ ሁን» ብሎ መሾም ይህን ያህል አይጠቅምም፤ ቻርለን ኔሜት እንዳሳየችው ለይስሙላ የሚቃወም ሰው ከልቡ የሚቃወመውን ያህል ሌሎችን አያሳስብም።

ጉዳዩ ትልቅ ከሆነ ጉባኤውን ለሦስት ከፍለው ለየብቻ ያወያዩ፤ እርስዎ በአንዱም አይግቡ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1961 ኩባን የወረረው ዘመቻ ከከሸፈ በኋላ በ1962 የሚሳኤል ቀውስ ጊዜ አማካሪዎቹ በቡድን ተከፍለው እንዲመክሩ አድርጓል፤ ከአንዳንዶቹ ስብሰባዎችም ራሱን አርቋል። አለቃ ባለበት ሰው የሚናገረው ለአለቃው ነው።

ቴሌግራም ላይ

በመሥሪያ ቤት ወይም በእድር ግሩፕ ላይ ሀሳብ ጽፎ አውራ ጣት መጠበቅ እጅ ከማስነሳት የባሰ ነው፤ ስም እየታየ ይቆጠራል፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምልክቶች የሌላውን ይወስናሉ። በምትኩ የቴሌግራም የድምፅ መስጫውን ስም በማያሳየው ምርጫ ይክፈቱ። ውጤቱ ለመራጩ የሚታየው ከመረጠ በኋላ ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ምርጫው አይነዳም። ድምፅ ስቦ መቀየር ግን ይቻላል። ለጥንቃቄ ብዙው ሰው በአንድ ጊዜ በሚገባበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ማታ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ከፍተው ይዝጉት።

ድምፁ ካለፈ በኋላ

ተሸንፈውም ከሆነ ሁለት ነገር ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍር ይጠይቁ። አንደኛው የተቃውሞዎ ፍሬ ነገር ነው፣ ከሁለት መስመር ያልበለጠ፤ «አቶ እገሌ ተቃውመዋል» ብቻ ከሆነ ስም እንጂ ሀሳብ አልተመዘገበም። ሁለተኛው የመገምገሚያ ቀንና ቁጥር ነው፦ «በጥር ወር መጨረሻ ኪራዩ ከ50 በታች ከሆነ ጉባኤው ጉዳዩን እንደገና ያያል።» ይህን ሀሳቡን የደገፉትም አይከለክሉም፤ በሥራው ካመኑ የሚያጡት ነገር የለም።

ከዚያ መዋጮዎን በሰዓቱ ይክፈሉ፣ ድንኳኑ ሲመጣም ለመትከል ይውጡ። ውሳኔውን የተቃወመ ሰው ሥራውን ከረገጠ በሚቀጥለው ስብሰባ ማንም አይሰማውም። ጥር ሲደርስ ወረቀትዎንና የኪራይ መዝገቡን ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ኪራዩ ከ50 በልጦ ከሆነ ወረቀትዎ ላይ ከአራተኛው መስመር ሥር ቁጥሩን ይጻፉ፣ በጉባኤውም ይናገሩት።